ስለ ስኬትቦርድና በሰፈራችን ስለምናነሣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በየቡድኑ አንዳንድ ንግግር እንዲቀርብ በጠየቀ ጊዜ፥ አንዱ ቡድን ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ፥ ሌላው ስለ ጤና አጠባበቅ፥ ሦስተኛው ስለ ቤተ መጻሕፍታችን ለመናገር ተመዘገበ። እኛ አምስታችን ስለ ስኬትቦርድ እንናገራለን ስንል አንዳንዶቹ ሣቁ፤ አንዳንዶቹም ነገሩ ከበዓሉ ክብር ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ጠየቁን። እኛም የምናውቀውን ነገር ብንናገር ከማናውቀው ነገር ይሻላል ብለን መለስን። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃዎች ጆሮአችሁን እንድታውሱን በትሕትና እንለምናለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ ከወላጆቻችን መካከል «ያ ባለ ጎማ ጣውላ» ከማለት በቀር ስሙን ለመጥራት የማይወዱ አሉና። ስኬትቦርድ ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር፥ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፥ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ላይ ቀና ያሉ ሰሌዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ሽፋኖች በሙጫ ተደራርበውና ተጨምቀው ይሠራል። ከላዩ እግር እንዳያንሸራትት የብርጭቆ ወረቀት የመሰለ ጥቁር ልባስ ይለጠፍበታል። ከሥሩ ሁለት የብረት ማያያዣዎችና አራት ጎማዎች አሉት፤ በየጎማውም ውስጥ ሁለት ሁለት፥ በጠቅላላው ስምንት ኩሽኔታ ይገባል።

ኩሽኔታ የሚለውን ቃል ስንጠራ ከአባቶቻችን አንዳንዶቹ ፈገግ ሲሉ እናያለን። በልጅነቱ ከጋራዥ በተጣለ ኩሽኔታ ጋሪ ሠርቶ ከዳገት ላይ ያልተንደረደረ አባት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ! እንደምታዩት የወጣው እጅ ጥቂት ነው። እንግዲህ የእኛ ሰሌዳ የዚያ ጋሪ የወንድም ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የእናንተ ጋሪ በብረት ኩሽኔታው ራሱ አስፋልቱን እየፋቀ፥ ሰፈሩን ሁሉ እያስጮኸ ይሄድ ነበር፤ በእኛ ግን ኩሽኔታው በጎማ ውስጥ ተሸሽጓል። ደግሞም በጋሪው ላይ ይቀመጡበት ነበር፤ በዚህኛው ላይ ይቆሙበታል።

የጨዋታው መነሻ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ጠረፍ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በባሕር ማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተትን የሚወዱ ወጣቶች ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን በመንገድ ላይ ለመንሸራተት ፈልገው ጣውላን ከሮለር ጎማ ጋር አጋጠሙት። ያን ጊዜ ጎማው ከብረት ወይም ከተጠበሰ ሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ስለ ነበረ ትንሽ ጠጠር ባገኘው ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆምና ልጁ ብቻውን ጉዞውን ይቀጥል ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስወርዚ የተባለ ወጣት ዩሬቴን ከሚባል እንደ ላስቲክ ከሚለመጥ ነገር የተሠራ ጎማ ለዚህ ጨዋታ እንዲውል አደረገ፤ ከዚያም ወዲህ ጠጠሩ የበፊቱን ያህል አያስፈራም። ያህል ያልነው የመስቀል ፍላወርን ጠጠር ስለምናውቅ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ዝላዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አላን ጌልፋንድ የተባለ የፍሎሪዳ ልጅ ሰሌዳውን በእጁ ሳይዝ ከእግሩ ጋር ወደ አየር ማንሣትን አሳየ፤ ይህም እስከ ዛሬ በእርሱ ቅጽል ስም ኦሊ ይባላል። ቀጥሎ ሮድኒ መለን በደልዳላ መሬት ላይ እንዲሠራ አደረገው። ወላጆች ሁልጊዜ «ሰሌዳው ከእግራችሁ ጋር በምን ተጣብቆ ነው የሚነሣው?» ብለው ይጠይቁናል። በምንም አልተጣበቀም። የኋላው እግር የሰሌዳውን ጅራት በኃይል ወደ መሬት ይመታል፤ ጅራቱ መሬት ሲነካ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚያው ቅጽበት ልጁ ይዘላል፤ የፊተኛው እግር በዚያ በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ወደ ፊት እየታሸ ይሄድና የኋላውን ጫፍ አብሮ ያነሣዋል፤ ሰሌዳው በአየር ላይ ይስተካከላል፤ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ሲነገር አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲሠራ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ሲለመድ ግን ከመካከላችን ፈጥኖ የተማረው ሁለት ወር ፈጅቶበታል። የፊተኛው እግር ጫማም ስለሚታሽ ቶሎ ይቀደዳል፤ በማስቲሽ እየለጠፍን እንለብሰዋለን። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል፤ በዚህ ጨዋታ ግን የእርሱን አርኣያ ለመከተል የሚደፍር አይገኝም።

ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች ካሉ፥ የ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክ በወረርሽኙ ምክንያት ተላልፎ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስኬትቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ስፖርቶች ጋር እንደ ተቆጠረና፥ በመንገድ ዓይነቱ ውድድር የሴቶቹን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው ሞሚጂ ኒሺያ የ13 ዓመት ልጅ እንደ ነበረች እንገልጻለን። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር እኛ የምንጫወተው ስለ ኦሊምፒክ ብለን አይደለም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። መስቀል ፍላወር ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ሰፈር አይደለም። ታላላቆቹ መንገዶች አስፋልት ናቸው፤ ግን ታክሲና የቤት መኪና፥ ሞተር ብስክሌትም ሳይቀር ያለ ዕረፍት ይመላለስባቸዋል። ወደ ውስጥ የሚገቡት መንገዶች ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ግን ኮብልስቶን ናቸው። ኮብልስቶን ከጭቃ ያዳነን ነገር ስለ ሆነ ክፉ አንናገርበትም፤ በእርሱ ላይ በ52 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚሄድ ሰው ግን ጥርሱ እርስ በርሱ ይንገጫገጫል። እንግዲህ የሚቀረው የትልልቅ ሕንፃዎች ደጃፍ ነው። እዚያ መሬቱ ለስላሳ ድንጋይ ወይም ሴራሚክ ነው፤ ሦስት አራት ደረጃ አለ፤ የአበባ መደብ ጠርዝ አለ፤ ለስኬትቦርድ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ይገኛል። ከዚህም ሁሉ ጋር አንድ ጥበቃ ይገኛል።

ስለ ጥበቃዎች ብዙ መናገር እንችላለን። ከእነርሱ አንዱ፥ ሽማግሌና ካፖርታቸውን በሐምሌም በሚያዝያም የማያወልቁ ሰው፥ ባዩን ቁጥር «እናንተ ልጆች፥ ይህ ቢሮ ነው ወይስ የጋሪ መንገድ?» ይሉናል።

«አባባ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ዘለን እንሄዳለን» እንላቸዋለን።

«አንድ ጊዜ ብላችሁ ትናንትም ሃያ ጊዜ ዘለላችሁ። ስትሰበሩ ደግሞ እናቶቻችሁ የሚጠይቁት እኔን ነው።»

በዚህ ነገር ሽማግሌው እውነት አላቸው። ደግሞም የሰሌዳው ብረት የድንጋዩን ጠርዝ ይቦረቡራል፤ እንዲያንሸራትትም ተጫዋቾች ጠርዙን ሻማ ይቀቡታል፤ ሻማው አቧራውን ይዞ ጥቁር ይሆናል፤ ጥቁሩን የምታጸዳው የጽዳት ሠራተኛ እንጂ የሕንፃው ባለቤት አይደለም። ይህን ሳይናገሩ ጥበቃዎችን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። ይሁን እንጂ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ ሕንፃ፥ ገና በእግረኛው መንገድ ላይ ስንሄድ ሰሌዳችንን ነጥቀው ሁለት ሳምንት በጥበቃ ቤት ውስጥ አስቀምጠውብናል። በዚያ ሁለት ሳምንት የሆንነውን ሐዘን መናገር አንፈልግም። ለአምስት ሰው ያሉን ሰሌዳዎች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በውጭ አገር ካሉ ዘመዶች በሻንጣ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ ሌላ እስኪመጣ የሰው መምጣት መጠበቅ ነው።

ኩሽኔታው ግን እዚሁ ይገኛል፤ ይህን ያወቅነው በራሳችን ምርመራ ስለ ሆነ በትንሹ እንኮራበታለን። የስኬትቦርድ ኩሽኔታ ቁጥሩ 608 ይባላል፤ የውስጡ ቀዳዳ 8፥ የውጩ ክብ 22፥ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ይኸው ቁጥር በትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደን ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ኩሽኔታ እየመረጥን እንገዛለን። ከመካከላችን የልብስ ሰፊው ልጅ በነጭ ጋዝ አጥቦ ከአባቱ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ያደርግበታል። ጠብታው ከሁለት እንደሚበልጥ አባቱ ካወቁ ጥቂት ጊዜ ሆኗቸዋል።

በከተማችን ለዚህ ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ቦታ አለ። ይኸውም በሳር ቤት በኩል በላፍቶ የወጣቶች ማእከል ውስጥ ያለው ሲሆን፥ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠሩት ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የተባለ፥ በልዩ ልዩ አገሮች እንዲህ ያለ ቦታ በነፃ የሚሠራ ማኅበርና ኢትዮጵያ ስኬት የተባለው የአገራችን ወጣቶች ቡድን ከብዙ ፈቃደኛ ሠራተኞች ጋር ሆነው ነው። ኢትዮጵያ ስኬትን የጀመሩት አቤኔዘር ተመስገን የተባለ የአዲስ አበባ ወጣትና ሾን ስትሮምሶ የተባለ አሜሪካዊ የፎቶግራፍ ባለሙያ ናቸው። መሬቱ በሙሉ ለስላሳ ኮንክሪት ነው፤ ጎድጓዳና ጉብታ፥ ደረጃና ጠርዝ ሁሉ አለው። የመጀመሪያ ቀን ስንገባ ማንም «ውጡ» ሳይለን መዋላችን ከዝላዩ ሁሉ ይልቅ አስደነቀን።

በዚያም እ.ኤ.አ. በ2020 በሶስና ቻላና በሚኪ አስፋው የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ስኬተሮች ቡድን ልጃገረዶችን ሰብስቦ ያስተምራል። ከአምስታችን ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የአንደኛዋ እናት መጀመሪያ «ሴት ልጅ በአስፋልት ላይ እግሯን ከፍታ ቆማ ሰው ምን ይላል?» ብለው ከልክለዋት ነበር። እኛ ምንም ለማለት አልቻልንም፤ እርሷ ግን እናቷን ይዛ ወደ ላፍቶ ሄደች። እናትየው ከጥላ ሥር ተቀምጠው፥ ከቀሚስ በታች ሱሪ የለበሱ፥ ሻሽ ያሠሩ ብዙ ልጃገረዶች ሲወድቁና ሲነሡ እስከ ማታ አዩ። ሲመለሱ በታክሲ ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያቺ አጭሯ ልጅ ጉልበቷን ትጠፍ፤ ትሰበራለች» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛችን ተከልክላ አታውቅም።

የሆነ ሆኖ ላፍቶ ከእኛ ሰፈር ሁለት ታክሲ ነው፤ በየቀኑ መሄድ አይቻልም። ቅዳሜን ለላፍቶ፥ ሌላውን ቀን ለመንገድ አድርገናል። ገና ሳይነጋ ከእሑድ ጸሎት በፊትም ወደ መስቀል አደባባይ የምንሄድበት ጊዜ አለ። አደባባዩ እንደገና ተሠርቶ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ መሬቱ ያማረ ሆኗል፤ የሮለር ልጆችም በብዛት ይመጣሉ። በመኪና መንገድ ላይ ግን አንነዳም፤ የጭነት መኪና ጀርባ ይዞ መጎተትማ በመካከላችን በስምምነት የተከለከለ ነው። ይህን የምንለው ወላጆች ስላሉ ብቻ አይደለም።

ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕሉ ደግሞ እንናገር። በአጼ ምኒልክ ዘመን ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ የታየበትን ቤት የሰይጣን ቤት ይለው እንደ ነበር በታሪክ ተምረናል። ዛሬ የሰይጣን ቤት የሚለው የለም፤ ነገር ግን አምስት ልጆች አንድ ስልክ ወደ መሬት አዝቅዝቀው ይዘው ወደ አንድ ደረጃ ሲሮጡ ያየ ሰው በጥርጣሬ መመልከቱን አልተወም። በተለይ በካዛንቺስ በኩል፥ የኢትዮጵያ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶችና የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ባሉበት፥ ካሜራ ማውጣት የማይፈቀድባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ እነርሱን በልባችን ካርታ ላይ ቀይ ቀብተናቸዋል።

ስኬትቦርድና ፊልም አብረው ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ስቴሲ ፔራልታ የተባለው ሰው የቡድኑን ልጆች አንሥቶ በቪዲዮ ካሴት ካሠራጨ በኋላ፥ በሩቅ አገር ያለ ልጅ አስተማሪ ሳይኖረው በማየት ብቻ ለመማር ቻለ። በ1991 «ቪዲዮ ዴይስ» የተባለውን የስኬትቦርድ ፊልም የሠራው ስፓይክ ጆንዝ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ2014፥ በድርሰት የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል። ይህን የምንጠቅሰው «ጓደኛህን እየተከተልክ ስልክ መያዝ የት ያደርስሃል?» ለሚሉት ወላጅ ነው፤ እርሳቸውም በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚያነሣው ልጅ ራሱ በሰሌዳ ላይ ሆኖ ከሚዘለው ልጅ ጎን ለጎን ይነዳል። ስልኩን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ በላዩም የዓሣ ዓይን የሚባለውን ጎበጥ ያለ መስተዋት ይገጥምበታል። ይህ መስተዋት ቅርቡን ትልቅ፥ ዙሪያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ስለ ሆነ ሦስቱ ደረጃ ስድስት ይመስላል። ስለዚህ የአንሺው ሥራ ከዘላዩ ሥራ የቀለለ አይደለም፤ ወደ ፊት እየነዳ ወደ ጎን ማየት፥ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ጉልበቱን ማጠፍ፥ ዘላዩ ሲወድቅም በላዩ እንዳይወጣበት መሸሽ አለበት። ብርሃኑም የራሱ ጠባይ አለው። በአገራችን ቀትር ላይ ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትቆም ፊት ሁሉ ጥላ ይሆናል፤ ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፥ ከቀኑም ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። በክረምት ውሃ እንጨቱን ያላቅቀዋል፥ ኩሽኔታውንም ያዝገዋል፤ ስለዚህ ሐምሌንና ነሐሴን ቤት ውስጥ ሆነን የበጋውን ሥዕል እንቀጥላለን፥ እንቆርጣለን፤ መብራት ካለ።

በመቁረጡ ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። አንድ ልጅ አንድ ደረጃ ለመዝለል አርባ ጊዜ ይወድቃል፤ በአርባ አንደኛው ይሳካለታል። ሁለታችን አርባዎቹን ጥለን የተሳካውን ብቻ እናሳይ አልን፤ በውጭ አገር የሚሠሩትም እንዲሁ ያደርጋሉና። ሁለታችን ደግሞ ውድቀቱን ያላየ ታናሽ ወንድማችን ነገ ሰሌዳ አንሥቶ በመጀመሪያው ቀን ደረጃ ላይ ይወጣል፤ ይሰበራልም አልን። አምስተኛዋ ዝም ብላ ቆየችና የአንድ ዝላይ ውድቀቶችን ሁሉ፥ እያንዳንዱን ለአንድ ሴኮንድ ብቻ፥ አከታትላ ቀጠለቻቸው። ባየነው ጊዜ ሁላችንም ጸጥ አልን፤ ከተሳካው ዝላይ ይልቅ እርሱ ያማረ ነበርና። በ17ኛው ላይ አንዲት ጀበና የያዙ እናት ከበር ወጥተው «እግዜር ይማርህ፥ ልጄ፥ በቃህ!» ሲሉ ይሰማል፤ በ32ኛው ላይ እኒያው እናት ቁጭ ብለው ሲያዩ ይታያሉ፤ በመጨረሻው ላይ እልል ይላሉ። ፊልሙን ስንሠራ እርሳቸውን ልብ ያላልን ነበርን፤ ድምፃቸውም እንዲታይ ፈቃዳቸውን የጠየቅነው ሄደን ነው። «አስቀያሚ ሆኜ ካልታየሁ» ብለው ፈቀዱልን።

ይህ ዝላይ የተነሣው በካዛንቺስ ነው፤ ስለ እርሱም ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልን።

የካዛንቺስ ስም ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑን፥ ይኸውም በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት አሕጽሮት «ካዛ ኢንቺስ» እንደ ሆነ በታሪክ መምህራችን ሰምተናል። ስሙ የባዕድ ይሁን እንጂ ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው በዚያ የኖረው ሕዝብ ነው። ከአምስታችን አንዷ የተወለደችው በዚያ፥ በአንድ ጠባብ የውስጥ መንገድ ነው። መንገዱ እንደ አጋጣሚ ኮብልስቶን ሳይሆን ሰፈሩ በራሱ መዋጮ ያስደረገው ሲሚንቶ ነበር፤ በጫፉም አንድ የተዘጋ ሱቅ፥ ከፊቱ ሦስት ደረጃ ነበረው። መኪና አይገባበትም። ጥበቃ የለውም። ጎረቤቶቹ ቡና ሲያፈሉ ረከቦታቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው መንገድ ይለቁልን ነበር። አምስታችንም ኦሊን የተማርነው በዚያ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ወደ ካዛንቺስ በደረሰ ጊዜ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። የጓደኛችንም ቤተ ሰብ ከእነርሱ ጋር ነው። አሁን በዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፥ የብስክሌት መንገድ፥ መብራትና ሣር አለ። እውነቱን ለመናገር ለጎማችን ከቶ እንደዚህ ያለ መሬት አግኝተን አናውቅም። ስለዚህ ነገር ምን ማለት እንደሚገባን በመካከላችን አልተስማማንም። አንዱ ከተማ ሁልጊዜ እየፈረሰ ይሠራል ይላል፤ ሌላው እንግዲያውስ ለምን በዚያው የኖሩት በዚያው አይኖሩም ይላል፤ ጓደኛችን ግን ከገላን ጉራ በአውቶቡስ መጥታ በአዲሱ መንገድ ላይ ከሁላችን ይልቅ ፈጥና ትነዳለች፤ ሲደክማትም ሰሌዳዋን ይዛ ትቆምና «እዚህ ጋ የእማማ በር ነበረ፤ እዚህ ጋ ቧንቧው» እያለች በእግሯ ትለካለች። ልኩ አንዳንዴ በሣሩ ላይ፥ አንዳንዴ በብስክሌት መንገዱ ላይ ይውላል።

ባለፈው ገና ፊልሙን ይዘን ወደ አዲሱ ቤታቸው ሄደን ነበር። አያቷ ዓይናቸው ደከም ያለ ስለ ሆነ ስልኩን አስጠግተን አሳየናቸው። እኛ የልጅ ልጃቸውን ዝላይ እንዲያዩ ነበር የፈለግነው። እርሳቸው ግን «አቁምልኝ፥ እዚያ ላይ አቁምልኝ» አሉ። አቆምነው። ልጅቱ በአየር ላይ ናት፤ እርሳቸው ያዩ የነበረው ግን ከኋላዋ ያለውን ሰማያዊ የቆርቆሮ በርና በገመድ ላይ የተሰጣውን የጎረቤት ነጠላ ነበር። «ይህ የወይዘሮ እገሊት ነጠላ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማነሣላት» አሉ። ከዚያም ወደ ኋላ አስመልሰውን ግድግዳውን፥ የውሃ ቦኖውን፥ የሱቁን መዝጊያ፥ እልል ያሉትን እናት በየተራ እያስቆሙ ስማቸውን ነገሩን። የ40 ሴኮንድ ሥዕል አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ ስታነሡ ለምን ቶሎ ቶሎ ታሳልፉታላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ከዚያ ወዲህ የምናነሣበትን መንገድ ለወጥን። ልጁ ከመምጣቱ በፊት ስልኩ ባዶውን ቦታ አሥር ሴኮንድ ያህል ያያል፤ ልጁ ካለፈ በኋላም እንዲሁ አሥር ሴኮንድ ይቆያል። የዓሣ ዓይኑንም ለእነዚህ አሥር ሴኮንዶች እናወልቀዋለን፤ ሦስት ደረጃ ሦስት ሆኖ እንዲታይ ነው። በመስቀል ፍላወርም የቀሩትን የድሮ አጥሮች፥ ሱቆች፥ የሊስትሮ ልጆች የሚቀመጡባቸውን ጥላዎች እየዞርን ማንሣት ጀምረናል፤ ሰዎች ካሉበት እያስፈቀድን። የልብስ ሰፊው አባት ሱቃቸውን ስናነሣ ሸሚዛቸውን ለውጠው ወጡ። እስከ ዛሬ 23 ቦታዎች አንሥተናል፤ ከእነርሱም ሁለቱ አሁን የሉም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንመጣለን፤ ጉዳይ እንዳለን ክቡር ዲሬክተራችን ከመጀመሪያው ሳይገምቱ አልቀሩም። ከእንጨት ሥራ ክፍል በስተጀርባ ያለው የሲሚንቶ ሜዳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። እኛ በሰኔ ፈተናችንን ጨርሰን ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ለራሳችን አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል 14 ልጆች፥ ከእነርሱም ስድስቱ ሴቶች፥ ለመማር ስማቸውን ሰጥተውናል። እነዚህ ልጆች በግቢው ውስጥ ቦታ ካላገኙ ወደ ሕንፃው ደጃፍ፥ ከዚያም ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ፤ ሲወጡም አይተናል። ለጥያቄአችን የሚከተለውን እናቀርባለን፤ ከተረፈ ጣውላ አንድ ዝቅተኛ ተንሸራታችና አንድ ሳጥን ራሳችን ሠርተን እንተዋለን፤ ጠርዙን በብረት እንለብጠዋለን እንጂ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ሻማ አንቀባም፤ ያሉንን ሁለት የራስ ቁሮች ለትምህርት ቤቱ እንሰጣለን፤ ያለ ራስ ቁርም ማንም እንዳይወጣ ሕጉን ጽፈን በበሩ ላይ እንሰቅላለን። ከሦስቱ ሰሌዳዎች አንዱን እንተዋለን። የትኛውን እንደ ሆነ ገና እየተከራከርን ነው።

የስፖርት መምህራችን ቅዳሜን ለመቆጣጠር ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል፤ ጉልበታቸው እስከ ፈቀደ ድረስ ለመሞከርም አስበዋል። ለዚህ እናመሰግናቸዋለን።

ፊልሙ 11 ደቂቃ የሚፈጅ መሆኑን እንገልጻለን። በኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፤ ድምፁ ደካማ ነው። በመስኮት በኩል ያላችሁ ደግሞ መጋረጃውን ሳቡልን። አያታችን ከገላን ጉራ ድረስ መጥተው በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋልና፥ በመካከሉ «አቁምልኝ» ቢሉ እንደምናቆም ከአሁኑ እናስታውቃለን።